ኪሎ ሜትሩ የሚዋሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ባለ ቀለም ስክሪኑን ወይስ ተራውን?

ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዙ ያሰቡ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ባለ ቀለም ስክሪኑ ይሻላል ወይስ ያ ጥቁርና ነጩ?» የገዙት ደግሞ አንድ ቅሬታ ይዘው ይመጣሉ፤ «ኪሎ ሜትሩ ልክ አይደለም።» እነዚህ ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው። ስለዚህ መልሴን ከወዲሁ ልስጥ፦ ተራውን ግዙ። ማግኔቱ ጎማው ላይ፣ የማግኔቱን ማለፍ የሚቆጥረው ሴንሰር ከጎማው አጠገብ በዓይን የሚታየውን፣ ስክሪኑም በቁልፎቹ ተከፍቶ የሚስተካከለውን። ባለ ቀለሙ ያምራል፤ ሲበላሽ ግን ደሴ ላይ መፍትሔ የለውም።

ስለ ፍጥነት፣ ስለ መብራትና ስለ ፍሬን አልጽፍም። ያንን ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ዝም የሚለው ስክሪኑ ርቀቱን ከየት እንደሚያገኘው ነው።

ስክሪኑ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ጎማው መዞሩን የሚነግረው ምልክት ይደርሰዋል፤ ያንን በጎማው ዙሪያ ልክ ያባዛል፤ ኪሎ ሜትር አድርጎ ያሳያል። ምልክቱ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከላይ ያልኩት ነው፤ በጎማው ሽቦ ላይ የታሰረ ትንሽ ማግኔት በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ይቆጠራል። ሁለተኛው ያው ሴንሰር ሞተሩ ውስጥ ተደብቆ ሲቀመጥ ነው። ሦስተኛው፣ ለእኛ አገር መንገድ የከፋው፣ የጎማ ሴንሰር ጨርሶ ሳይኖር የሞተሩን የራሱን መዞር ብቻ የሚቆጥረው ነው።

የከፋ ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። አሁን ገበያ ላይ የሚበዙት ትንንሾቹ የጎማ ሞተሮች ውስጣቸው ጥርስና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች አላቸው። ኃይል ስትለቁ ጎማው እየዞረ ይቀጥላል፤ ሞተሩ ግን ይቆማል። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ፍሬን ብቻ እየያዛችሁ ስትወርዱ ስክሪኑ ዜሮ ያሳያል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት አይቆጥረውም። ስትመለሱ ሞተሩ ሽቅብ እየጎተተ ስለሆነ ይቆጥራል። «መውጫውን ያውቃል፣ መውረጃውን አያውቅም» ብሎ ብስክሌቱን ወደ ጠጋኝ የሚወስድ ሰው ያልተበላሸ ዕቃ ሊያስቀይር እየሄደ ነው። ይህን ጉድለት ስክሪን በመቀየር ማዳን አይቻልም። ሽቦ ተቆርጦ ወይም ስክሪኑ ላይ የተሞላ አንድ ቁጥር ተዛብቶ ካልሆነ በቀር ብስክሌቱ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን የምታጣሩበት ፈተና ምንም ወጪ የለውም። ብስክሌቱን አብሩት፤ ሞተር ያለበትን ጎማ ከመሬት አንሡ፤ ፔዳሉንና የነዳጅ መስጫ የሚመስለውን እጀታ ሳትነኩ ጎማውን በእጃችሁ ወደ ፊት አዙሩት። ስክሪኑ ፍጥነት ካሳየ ጎማውን እየቆጠረ ነው። ዜሮ ላይ ከቆመ ተዉት። ሻጩ «መንገድ ላይ ሲወጣ ይሠራል» ቢላችሁም ተዉት።

ለቁጥር ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል አለ። በሜዳ ከተማ አያስፈልግ ይሆናል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወጣ ነው። ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 95 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ያንን ክብደት 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 155 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት ከ200 ያልፋል። ባለ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው በሙሉ 360 ዋት ሰዓት ነው። ፔዳል ካልመታችሁ ከባትሪው ግማሽ በላይ ለዳገቱ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው፤ የጎማው ግጭትና ነፋሱ ገና አልታሰቡም። በዚህ መንገድ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በትክክል የማያውቅ ሰው መሐል ዳገት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ግራም ብረት እየገፉ ሽቅብ መሄድ ደግሞ ለጠላትም አይመኙትም።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የተሄደው ርቀት ነው፤ ሌላው «ይቀርሃል» የሚለው ግምት። ባለ ቀለሙ ስክሪን በትልቁ የሚያሳያችሁ ሁለተኛውን ነው፤ ሻጭም የሚመካበት እሱን ነው። ግምቱ የሚሰላው በቅርቡ ከፈጃችሁት ኃይል ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስትዞሩ ቆይታችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ ቁጥሩ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ስክሪኑ ከፊታችሁ ዳገት መኖሩን ስለማያውቅ ነው። የባትሪው ምልክት ዳገት ላይ ወርዶ ሜዳ ላይ ሲመለስም ያው ነው፤ ሞተሩ ሲጎትት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ስክሪን የሚያስቀይር ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ። እነዚህ እኔ የተጠየቅኋቸው ናቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመምና እናንተም ደግማችሁ ጠይቁ። ተራ ስክሪን ያለው ብስክሌት 95,000 ብር ተባልኩ፤ በሞተርም በባትሪም አቻው የሆነው ባለ ቀለሙ 128,000። ልዩነቱ 33,000 ብር ነው። በዚያ 33,000 የምታገኙት አንድ የሚያበራ መስታወት ነው። ተራው ስክሪን ራሱ ቢሰበር አዲሱ 5,500 ብር ነው። የጎማ ሴንሰር 1,300፣ ማግኔት ብቻውን 200፣ የጠጋኝ እጅ ከ300 እስከ 500። የባለ ቀለሙ ስክሪን መለዋወጫ ግን 16,000 ተጠርቶልኛል፤ እሱም ደሴ የለም። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፤ የትራንስፖርቱንና የምትውሉበትን ቀን ጨምሩበት። ዕቃው ሳይገጥም ቢቀር ደግሞ እንደገና መመለስ አለ።

አለመግጠም ደግሞ ብርቅ አይደለም። ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነውና ቆም ብላችሁ አንብቡ። የብዙዎቹ ስክሪኖች መሰኪያ አምስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት ክብ አረንጓዴ ሶኬት ነው። መልኩ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። ኬቲ፣ ኤስ866ና ባፋንግ የሥሪት ስሞች ናቸው፤ ኮንትሮለር ደግሞ ሞተሩን የሚያዝዘው ሣጥን ነው። ለኬቲ ኮንትሮለር የተሠራው፣ ለኤስ866 ዓይነቱ የተሠራውና ለባፋንግ የተሠራው ስክሪን ከኮንትሮለር ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ይለያያል። ስለዚህ ሶኬቱ እንከን የለሽ ሆኖ ይገባል፤ ስክሪኑም ይበራል፤ ከዚያ የስሕተት ቁጥር ያወጣና ሞተሩ አይነሣም። የእግሮቹ ቅደም ተከተል ከተለየማ የባትሪው ኃይል ባልተጠበቀ ሽቦ ገብቶ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ኮፒዎቹ ሽፋናቸው ከዋናው ጋር እስኪምታታ ድረስ ስለሚመሳሰል በመልክ መግዛት አይቻልም። ከስክሪኑ ጀርባና ከኮንትሮለሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ሁለቱን ሳታስተያዩ አንድ ብር አትክፈሉ።

አንድ የሐይቅ ነዋሪ የሆኑ መምህር የደረሰባቸው ይህ ነው። ቆጣሪያቸው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዱት። «አብሽሩ ጋሼ፣ ስክሪኑን እንቀይረዋለን» ተባሉ። 6,800 ብር ከፈሉ፤ የተገጠመላቸው ኮፒ ነበር፤ ከኮንትሮለሩ ጋር አልተግባባም። አሮጌውን መልሰው አስገጥመው ወደ እኔ ሲመጡ ማግኔቱ በኮብልስቶኑ ንዝረት ሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ከሴንሰሩ ርቆ አገኘሁት። መልሼ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሰጥቼ አጠበቅሁት፤ ጨረስን። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴ ነበር። የስድስት ሺህ ስምንት መቶ ብሩ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና።

ስለዚህ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ብልሽቱን በቁጥር ፈትኑት። ርዝመቱን የምታውቁት ሜዳ መንገድ ላይ ሂዱና ስክሪኑ ስንት እንዳለ አስተያዩ። ከቆቦ ሜዳ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሜዳ መንገድ ግን ኮምቦልቻ ውስጥም ይገኛል። በስልካችሁ ጂፒኤስ (በሳተላይት የሚሠራው መለኪያ) መለካት ይቻላል፤ የደሴውን ጠመዝማዛ ላይ ግን ስልኩ መታጠፊያዎቹን እየቆረጠ ያሳጥራል። ስክሪኑ ከእውነተኛው ርቀት 62 በመቶ ያህሉን ካሳየ ምንም አልተበላሸም፤ በማይል እየቆጠረ ነው። 77 በመቶ አካባቢ ከሆነና ጎማችሁ 26 ኢንች ከሆነ፣ ስክሪኑ ባለ 20 ኢንች መስሎታል። ግማሽ ወይም እጥፍ ከሆነ የማግኔቱ ብዛት በስሕተት ተሞልቷል። አንዴ ቆጥሮ አንዴ የሚዘል ከሆነ ማግኔቱን፣ ሴንሰሩን፣ ሶኬቱን እዩ። የባፋንግ ስክሪን 21 የሚል ቁጥር ካወጣ የፍጥነት ሴንሰሩን ማለቱ ነው፤ 30 ካለ ግንኙነቱ ተቋርጧል።

በኤስ866 ዓይነቱ ስክሪን የመደመርና የመቀነስ ቁልፎቹን በአንድነት ተጭናችሁ ስትቆዩ ዝርዝሩ ይከፈታል። ፒ02 ኪሎ ሜትርና ማይል የሚመረጥበት፣ ፒ06 የጎማው መጠን፣ ፒ07 የማግኔቱ ብዛት ነው። አንድም ቁጥር ሳትነኩ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሡ። ፒ03 ቮልቴጁ ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ 48 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት ይሆናል፤ የሚዘጋው 40 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስክሪኑ ግን ባለ 36 ቮልት ተብሎ ከተስተካከለ፣ ለእርሱ 42 ቮልት ሙሉ ባትሪ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው እያላችሁ ድንገት ይጠፋል። ተራውን የምመርጠው ይህን ሁሉ እናንተ ራሳችሁ ከፍታችሁ ማየት ስለምትችሉ ነው። ካየኋቸው ባለ ቀለሞች ብዙዎቹ ይህን ክፍል በሚስጥር ቁጥር የቆለፉ ናቸው፤ ቁጥሩ ያለው አምራቹ ወይም አስመጪው ዘንድ ነው።

ባለ ቀለሙን አስቀድሞ የገዛና ቆጣሪው የተዛባበት ሰው ምን ያድርግ? 16,000 ብር አይክፈል። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ስክሪኑን እንዳለ ይተወውና የተራ ብስክሌት ቆጣሪ ይግዛ። 1,200 ብር ነው፤ በአንድ ክብ ባትሪ ይሠራል፤ የራሱ ማግኔትና ሴንሰር አለው፤ የፊተኛው ጎማ ላይ ይታሰራል፤ ከሞተሩ ጋር ጉዳይ የለውም። የጎማውን ዙሪያ በሚሊ ሜትር ስለሚቀበል ከብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ስክሪኖች ይልቅ ትክክል ነው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ፣ ተቀምጣችሁበት አንድ ዙር አንከባሉትና መሬቱን በሜትር ለኩ፤ ለ26 ኢንች ጎማ ከ2,050 ብዙ አይርቅም። ሽቦ አልባውን ግን አትግዙ፤ ዋጋው እጥፍ ነው፣ የሞተሩም ሞገድ ያውከዋል።

በፀሐይም ቢሆን ባለ ቀለሙ አይሻልም። ባቲ ወይም ከሚሴ ቆላ ውስጥ በቀትር የሚነዳ ሰው ከባለ ቀለሞቹ አንዳንዶቹን ማንበብ ይቸግረዋል። ባለ ቀለሙን የግድ የሚፈልግ ካለ፣ ብስክሌቱ የጎማውን የማዞር ፈተና ካለፈና የሚስጥር ቁጥሩ በወረቀት ከተሰጠው ይግዛ። የክረምቱን ዝናብ በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ የሚገባው በስክሪኑ ሳይሆን በሶኬቱ ነው። ሶኬቱን ስትነቅሉ ቀስቱን ከቀስቱ ጋር አጋጥማችሁ መልሱ፤ እያሽከረከራችሁ ከከተታችሁት እግሮቹ ይታጠፋሉ።

ያገለገለ ለምትገዙ ደግሞ፦ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ ኪሎ ሜትር አትመኑ። በእነዚህ ብስክሌቶች በብዙዎቹ ቁጥሩ የሚቀመጠው ስክሪኑ ውስጥ ስለሆነ፣ ስክሪን ሲቀየር ከዜሮ ይጀምራል። «ገና 300 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው» ቢሏችሁ የፔዳሉን ላስቲክ፣ የፍሬኑን ሸራ፣ የካቴናውን መላላት እዩ። የተሞላ ባትሪውንም ይዛችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት። ቆጣሪው ጨርሶ የማይሠራ ከሆነና ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ብስክሌቱን አትሽሹት፤ ማግኔቱን ዝም ብላችሁ እዩና፣ ለስክሪን መቀየሪያ 5,500 ብር ከዋጋው እንዲቀንሱላችሁ ጠይቁ።