ጎግል ሺትስ ለቤት ወጪ፦ ጳጉሜን የማያውቅ ሒሳብ ያዥ

ጎግል ሺትስ የተባለው የጎግል የሠንጠረዥ መተግበሪያ ለቤት ወጪ ከደብተር በብዙ ይሻላል፤ ነፃ ነው፣ ባልና ሚስትም አንዱን ሠንጠረዥ በየስልካቸው ይሞሉታል። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ወር፣ ቀን፣ ምድብ፣ ብር፣ ማስታወሻ። «ሰምኢፍ» (SUMIF) የተባለው ቀመር የአስቤዛውን፣ የኪራዩን፣ የትራንስፖርቱን ድምር ለየብቻ ያወጣል።

ችግሩ ቀን ላይ ነው። ሺትስ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብለው ቢጽፉ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም! ወሩን በስም፣ ቀኑን በቁጥር ለየብቻ ይጻፉ።

«500 ብር» ብሎ በአንድ ሳጥን መጻፍም ያሳስታል፤ ድምሩ ይዘለዋል፣ ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ። ዕቁብ የራሱ ምድብ ይኑረው፤ አለዚያ ዕጣ የወጣበት ወር ደመወዝ የጨመረ ያስመስላል። በትንሽ ስልክ መሙላቱ ግን ያታክታል።