የጁሊ ምህረቱ ምሽት አራት ኪሎ፦ ለማተሚያው ሲባል ይኬዳል

አራት ኪሎ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ ስለ ሠዓሊዋ ጁሊ ምህረቱ ሕይወትና ሥራ የምሽት ዝግጅት ታቀርባለች። መጀመሪያ ንግግር በስላይድ፣ ቀጥሎ የኅትመት ሥዕል በተግባር። መግቢያው ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። የጋለሪዋን ስም አልጠራም፣ ልወቅሳት ነዋ።

ንግግሩ ያንገሸግሻል። አቅራቢው በዋጋ ተጠምዷል፤ በ2023 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አንድ ሥራዋ በጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ደጋግሞ ነገረን። ገባን እኮ! ሴትየዋ በ1970 እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 በደርግ ጊዜ ገና ልጅ ሳለች ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳ አሜሪካ፣ ሚሺጋን የገባች ናት፤ አባቷ የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ሸራዎቿ ላይ ደግሞ ካርታና የከተማ ፕላን ተደራርቦ ይታያል፣ ታዲያ ስለዚህ ማውራት አይሻልም ነበር? ሴኔጋል ዳካር መማሯን፣ በ1997 አሜሪካ ካለው የሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ማስተርሷን መያዟን፣ በ2005 ታዋቂውን የአሜሪካ የማካርተር ሽልማት ማግኘቷን በአንድ ትንፋሽ አለፈው። በ2016 እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥነ ጥበብ ማዕከል ያሳየችውንማ ጭራሽ አላነሳውም። ፕሮጀክተሩም ደብዛዛ ነው። የእሷ ሥራ ቀጫጭን መስመር በመስመር ላይ ስለሆነ ግማሹ ግድግዳው ላይ ጠፋ።

ከቡና በኋላ ግን ሌላ ነው። አንዲት ወጣት የኅትመት ባለሙያ ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ በመርፌ ጫረች፣ ጥቁር ቀለም ቀባችው፣ ከዛ በሻሽ ጠረገችው፤ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ቀረ። እርጥብ ወረቀት አልብሳ በማተሚያው አሳለፈችው። ከዛ እኛን አስሞከረችን። አጠገቤ የነበረው ልጅ ስሙን ጭሮ፣ ሲታተም ፊደሎቹ ዞረው ወጡ፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ይህን በእጃችን ካየን በኋላ ነው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለውን የጁሊን የ2016 የኅትመት ሥዕል ያሳየችን። ኮፐንሃገን የታተመ፣ ጎን ለጎን የሚቆም 6 ቅጠል። ከሥር የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ አለ፣ ከላይ ደግሞ ሰሌዳው በመርፌ ሳይሆን በአሲድ ተበልቶ የወጣ የብሩሽ ምት። ጁሊ ኅትመትን እንደ ትርፍ ሥራ የያዘችው አይመስለኝም፣ ይህን ያየ ሰውም አይመስለውም።

አዘጋጆቹ ንግግሩን ወደ ሃያ ደቂቃ ቢያወርዱት ይሻላል። እስከዛው ዘግየት ብላችሁ ሂዱ፣ ከማተሚያው አጠገብ ቦታ ያዙ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ቀለሙ በሳሙና አይለቅም። ቡናው አሪፍ ነው።