ካሜራ ትራፕ በየጎፍ ተራራ ግርጌ፦ ክረምት ከበጋ ተጠቅሜበት ያየሁት

ለቸኮለ ሰው ቶሎ ልናገር። ዕቃው ይሠራል። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ ዝናቡንም ብርዱንም ችሎ አሁንም ዛፉ ላይ ነው። ግን ሻጮቹ «የዱር እንስሳትን ይቆጥራል» ሲሉ አትመኑ። አይቆጥርም። ሙቀት ያለው ነገር ፊቱ ሲያልፍ ፎቶ ያነሳል፣ አለቀ። ቁጥሩን ማውጣት የእናንተ ጣጣ ነው። ጣጣው ደግሞ ከካሜራው ይበልጣል።

ካሜራ ትራፕ የሚሉት ቡራቡሬ ቀለም የተቀባች ትንሽ ሳጥን ናት። መሐሏ ላይ ሌንስ አለ። ከሥሩ የሙቀት ለውጥ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ከላዩ ለሌሊት የሚሆን የኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን አያየውም የሚባል ብርሃን፣ መብራት። ሆዷ ውስጥ ስምንት ባትሪ ድንጋይና አንድ ሚሞሪ ይገባል። ማርካዋን አልጠራም፤ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ይህቺው ሳጥን አራት አምስት ስም እየተለጠፈባት ነው የምትሸጠው። እኔ ዱባይ ደርሶ በሚመለስ ዘመድ አስመጣኋት። በዋጋዋ መካከለኛ ስልክ አይገዛም።

የገዛሁት ለክርክር ነው። አጎቴ ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ተራራ ግርጌ ማሳ አላቸው። በግ ይጠፋባቸዋል። «ጅቡ በዝቷል፣ አርባ ይሆናል» ይላሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ ጅብ ሳይሆን ቀበሮ ነው ባይ ናቸው። እኔ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በወሬ ከምንጨቃጨቅ በፎቶ እንየው አልኩ።

የተራራው ደን ውስጥ አልሰቀልናትም። ደኑ የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃድ አይገባበትም። ጊዜውም ቢሆን ዛፍ ላይ ካሜራ ደብቆ የሚሄዱበት ጊዜ አይደለም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቁት አጎቴ ናቸው። «ልጄ፣ የምትሰቅለውን ሰው ሁሉ ይየው። ሰው የሚፈራው የተደበቀ ነገር ነው» አሉኝ። ቀበሌ ወስደው አሳዩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጧትና ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ «የመሬት ልኬታ አይደለም አይደል?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ደግሞ ሌንሷ ፊት ቆመው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወዲያ የነካት ሰው የለም። ስርቆት ለሚፈራ ገዢ ከብረት ሰንሰለት ይልቅ ይህን እመክራለሁ።

ጥርጣሬው የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳርፉር ላይ አንድ አሞራ ተይዞ ነበር። የእስራኤል ተመራማሪዎች የሚከታተሉበት የጂፒኤስ መሣሪያ ተጭኖበት ተገኘና ሰላይ ተባለ። አሞራው ምን ብሎ ያስረዳ!

የጠበቅሁት ቅሬታ ሌላ ነበር፣ የመጣውም ሌላ። በማሳው ጠርዝ እንጨት ለቀማ የሚያልፉ አንዲት እናት «ሳታስፈቅደኝ ነው የምታነሳኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ሳጥኗ ውስጥ አለ። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብቻ ሥሪ ማለት ይቻላል። ከማታ 12 እስከ ጧት 12 አደረግኋት። ሰው አይነሳም፣ ባትሪም ይቆጠባል። ጦጣ የሚፈልግ ሰው ግን በዚህ ይጎዳል፣ ቀን ቀን ነው የምትዞረው። ለእኔ ጅብ በቂዬ ነው።

ሰዓቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ካሜራዋ የምታውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። እኔ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ጎትቼ ሞላኋት። አሁን ማታ 1 ሰዓት ላይ 1:00 ትላለች። ኤኤም የሚለው ቀን፣ ፒኤም የሚለው ሌሊት ይሆናል። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ አይቀየርም፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚቀየረው። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ፎቶ ሁሉ በአንድ ቀን ሥር ይመጣል። ለተመራማሪ የምትሰጡ ከሆነ ግን መናገር አለባችሁ፣ አለዚያ የእናንተ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሲዞር ያገኘዋል።

ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ደግሞ ሰዓቷ ይጠፋል። አዲስ ድንጋይ ስትገባላት ፋብሪካ የሞላላትን ዓመት ይዛ ትነሳለች። ሚሞሪ በቀየርሁ ቁጥር የስልኬን ሰዓትና ቀን ሌንሷ ፊት አሳያታለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዓይኗ። ሴንሰሩ የሚያየው እንስሳውን ሳይሆን በእንስሳውና በጀርባው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ጥንቸል እንኳ አታመልጠውም። በበጋ ቀትር ላይ ግን የጋለ ድንጋይና የበግ ገላ አንድ ይሆንበታል። ሞክሬ አይቻለሁ፣ የአጎቴ በጎች ከነእረኛው አልፈው አንድ ፎቶ የለም። ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣር ግን ፀሐይ ካሞቀው በመቶ የሚቆጠር ባዶ ፎቶ ያስነሳዋል። ከፊቷ ሣሩን ማጨድ ግዴታ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታዙሯት፣ ስትወጣና ስትጠልቅ ፀሐይ ታሳብዳታለች።

ፍጥነቷ መካከለኛ ነው። ከመንገዱ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ከሰቀላችኋት የምታገኙት የጅብ ቂጥ ነው። እስክትነቃ ራሱ አልፏል። መንገዱን ሰያፍ እንድታይ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ከሦስት ከአራት ሜትር ላይ ብትሆን ሙሉ ገላው ይገባል። ሜጋፒክስሉን ተዉት። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፎቶውን ለጥጦ የተገኘ ነው፣ ሚሞሪ ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም። ዝቅ አድርጋችሁ አንሱ።

የሌሊት መብራቷ ሰው አያየውም የተባለው ግማሽ እውነት ነው። የእኔዋ የብርሃን ሞገዷ 850 ናኖሜትር የሆነችው ናት። ሩቅ ታበራለች፣ ግን ስታነሳ ፍም የመሰለ ቀይ ነጥብ ይታያል። ማሽላ ሲጠብቁ ያመሹ ልጆች አይተው «ጂን ነው» ብለው እግሬ አውጪኝ አሉ። አንድ ሰሞን በዚያ መንገድ ያመሸ የለም። ጅቦቹ ግን ለጂን ደንታም የላቸው። አንዷ ቀይ ነጥቡን ለማየት መጥታ አፍንጫዋን ሌንሱ ላይ ለጥፋለች። እርጥብ አፍንጫ፣ ጥቂት ጢም፣ ከጥግ አንድ ክራንቻ። የሚቀጥለው ፎቶ ጨለማ ነው፣ የሚቀጥለው ሰማይ። ማሰሪያ ጨርቁን ቆርጣው ኖሮ ሳጥኗን ሣር ውስጥ ነው ያገኘኋት። ጥርሷ ጥጉ ላይ አሁንም ይታያል። ውሃ አላስገባም፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ። አሁን የታሰረችው በሽቦ ነው።

በክረምት ሌንሱ በእንፋሎት ይታፈናል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሆዷ ውስጥ አኑሩ፣ በየወሩም ቀይሩ። የበር ጎማውን በጣት ጥረጉ፣ አንድ የጤፍ ገለባ ከገባበት ማኅተሙ አበቃ። ሸረሪትም አለች። ድሯን ሌንሱ ፊት ስታደራ የሌሊቱ ፎቶ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። በባትሪ በኩል ምሬት ነው። ከፒያሳ የምትገዙት ርካሽ ድንጋይ ሳምንት አይዘልቅም። አልካላይን የሚባለው ይሻላል። ሲደክም መጀመሪያ የሚጎዳው የሌሊቱ መብራት ነው፣ ፎቶው እየጠቆረ ከመጣ አትጠብቁ። ቪዲዮ ደግሞ ድንጋይ ይበላል፣ ሦስት ተከታታይ ፎቶ ይበቃል።

እሺ፣ አርባ ጅብ አለ ወይ?

ከሰበሰብሁት ፎቶ ከተነሳን አርባ አይደለም፣ ብዙ መቶ ጅብ አለ። ግን ያው ጅብ ነው በየሌሊቱ የሚመላለሰው። ደግነቱ የጅብ ነጠብጣብ እንደ ሰው አሻራ ነው፣ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስተያያለሁ። የትከሻ ነጠብጣብ፣ የተቀደደ ጆሮ፣ የጭን ጠባሳ። ሚስቴ ቡናውን አቦል ጠጥታ በረካ እስክትደርስ አንድ ጅብ አልለይም። እንዲህ እያልሁ በግራ ጎናቸው ሰባት፣ በቀኝ ጎናቸው አምስት ለየሁ።

ታዲያ ስንት ናቸው? አሥራ ሁለት እንዳትሉ። የአንዱ ጅብ ግራና ቀኝ ስለማይመሳሰል፣ በግራ ያየሁትና በቀኝ ያየሁት አንድ ይሁኑ የተለያዩ በአንዲት ካሜራ አይታወቅም። ከሰባት አያንሱም፣ የለየኋቸው ደግሞ ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። ካሜራዋን ያላዩዋት ደግሞ አሉ።

ላልታዩትም ዘዴ አለ፣ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። ዳኒሹ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1896 በዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን በ1930 በዳክዬ የተጠቀሙበት። አሥር እንስሳ ይዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ ትለቃላችሁ። በኋላ አሥራ ሁለት ስትይዙ አራቱ ምልክት ያለባቸው ሆኑ እንበል። አሥርን በአሥራ ሁለት አባዝቶ ለአራት ማካፈል ነው፣ ሠላሳ ገደማ። ነጠብጣብ ወይም ዝንጉርጉር ያለው እንስሳ ከሆነ መያዝም አያስፈልግም፣ ምልክቱ ይዞት የተወለደው ነው። ሕንዳዊው ተመራማሪ ኡላስ ካራንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሕንድ ውስጥ ታይገር የሚባሉትን ዝንጉርጉር ነብሮች በካሜራ የቆጠረው በዚሁ ሐሳብ ነው፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ለማንሳት ሁለት ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት አቁሞ። ቀበሮን ግን በዚህ መንገድ አልቻልኩም። የእኔ ቀበሮዎች ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ጦጣማ አይታሰብም።

በጉንስ ማን ወሰደው? ካሜራዋ አላሳየችም። በግ ይዞ የሚያልፍ ጅብም ቀበሮም አልተነሳም። ያሳየችው ያልጠበቅነውን ነው። ከጅብ ቀጥሎ በብዛት የሚያልፈው ውሻ ነው። ተቧድነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ወደ በረቶቹ አቅጣጫ። ከፊት የሚመራው አንድ ጆሮው ነጭ ነው። አጎቴ ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«የእኛ ውሻ ይመስላል» አልኳቸው።

«የእኛማ ሌሊቱን ደጄ ላይ ነው የሚያድረው» አሉ። በማግስቱ ገመድ ገዙ።

የውሻ ነገር ለወሎ ደጋ ከበግም በላይ ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ሆኖ ሳለ በበግ ሌባነት ይታማል። የሚፈጀው ደግሞ ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እነሱን በሳጥን መከታተል ብዙ አያራምድም፣ የትኛው ከየትኛው መንጋ ጋር እንደሚገናኝ፣ የት ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ያ የአንገት ቀለበት ሥራ ነው፣ ሬዲዮ ወይም ጂፒኤስ የተገጠመለት። እሱን ግን እኔና እናንተ ከገበያ ገዝተን የምናስረው አይደለም። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ የሚያደነዝዝ የእንስሳት ሐኪም፣ ትልቅ ገንዘብ ይፈልጋል። ክብደቱም ልክ አለው፣ ብዙዎች የሚይዙት ከእንስሳው ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 13 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ቀይ ቀበሮ 390 ግራም ማለት ነው።

የእኔም ጅቦች ከማሳው ሲወጡ የት እንደሚደርሱ ካሜራዋ አታውቅም። ሰረንጌቲ ውስጥ ቀለበት የታሰረላቸው ጅቦች ለአደን አርባ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሄዱ ታይተዋል። የአጎቴ «አርባ» በየት በኩል እንደመጣ እንጃ፣ ከሐርቡ ከገርባ የሚመጣም ይኖርበት ይሆናል።

ማን ይግዛት? መምህር፣ የተማሪዎች ክበብ፣ ማሳው ላይ የሚመጣውን ማወቅ የፈለገ ገበሬ። ፎቶ አገላብጦ የማየት ትዕግሥት የሌለው ይቅርበት። እኔ ሁለተኛዋን አዝዣለሁ፣ ከመጀመሪያዋ ፊት ለፊት የምትቆም፣ የጅቦቹን ግራና ቀኝ የምታገናኝልኝ። ይህቺኛዋ 940 ናኖሜትር ናት። ብርሃኗ አጠር ይላል፣ ግን ቀይ ነጥብ የላትም። ማሽላ ጠባቂዎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ቅር ተሰኝተዋል፣ ሌባ እንዳይደፍር ያቺኛዋ ትሻለን ነበር እያሉ ነው።