ዛንዚባር ወይስ ሲሸልስ? ለሰሜን ሸዋ ተጓዥ የምግብ ንጽጽር

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ደሴት ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት የአውሮፕላኑን ዋጋና የሆቴሉን ፎቶግራፍ ነው። ጾም ለሚጾምና ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ለሚጠይቅ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ማዕዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሆቴል ወጥቶ መብላት ለሚወድ ሰው ዛንዚባር እጅግ ይመቻል። የዛንዚባር ከተማ ጥንታዊ ክፍል በሆነው በስቶን ታውን፣ በፎሮዳኒ መናፈሻ፣ ምሽት ላይ ሻጮች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ዓሣ፣ ሚሽካኪ የሚባለውን በእንጨት የተሰካ የሥጋ ጥብስ፣ ቻፓቲ፣ እንዲሁም ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ያቀርባሉ። ዋጋውን ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ፣ ጠረጴዛ ላይ ውሎ እንደገና ከሚሞቀው ይልቅም ፍም ላይ በዓይን ፊት የሚጠበሰውን መምረጥ ይገባል። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል የሚገባበት የፒላው ሩዝ ቅመም ያለው ሻይ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ለጾመኛ ትልቁ ሀብት የኮኮናት ወተት ነው፤ ከፍሬው ተፈቅፍቆ የሚጨመቅ እንጂ ከእንስሳ የሚገኝ ስላልሆነ፣ በእርሱ የተሠራ ቦሎቄና ካሳቫ ያለ ስጋት ይበላል። ኡሮጆ የተባለው ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ከድንችና ባጂያ ከተባለው በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ ጋር ይቀርባል፤ እንቁላልና ሥጋ ስለሚጨመርበት ግን እንዲተውለት ጾመኛው አስቀድሞ ይናገር። የዛንዚባር ፒዛ የሚባለው በተፈጨ ሥጋና በእንቁላል ስለሚሞላ ለጾም አይሆንም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበላም በየቦታው የሚቀርብለትን ኦክቶፐስ ይለፈው።

የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው በእስልምና ሥርዓት ይታረዳል። ይህ ከኤፋት ለሚሄድ ሙስሊም ቤተሰብ ሙሉ ዕረፍት ሲሆን፣ ለኦርቶዶክሱ ግን ምርጫውን ወደ ዓሣና አትክልት ያጠብበዋል። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉና በአደባባይ መብላት ነውር ስለሆነ፣ ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አስልቶ ቀኑን መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሲሸልስ በክርስቲያን የሚበዛ፣ አብዛኛው ሕዝቡም ካቶሊክ የሆነ አገር ነው። ክሪዮል በሚባለው የአገሩ ማዕድ ሩዝ፣ ምስርና የተጠበሰ ዓሣ አይጠፉም፤ ሙዝ ወይም የዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬ በኮኮናት ወተትና በስኳር ተቀቅሎ የሚሠራው ላዶብም ጣፋጭ የጾም ምግብ ነው። በፍስክ ግን የአሳማ ሥጋና የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ ወጥ ሳይቀር ስለሚቀርብ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። ዋጋው ደግሞ ከዛንዚባር በጣም ይበልጣል፤ አብዛኛው ሸቀጥ በመርከብና በአውሮፕላን የሚገባ ነውና።

ስለዚህ የጾም ወቅት ከሆነ ወይም በጀቱ ጠባብ ከሆነ ያለ ማመንታት ዛንዚባርን እመርጣለሁ፤ በስቶን ታውን ከሆነም ቁርስ ብቻ ያለበትን ክፍል ይግዙ፣ ምሳና እራት ከውጭ ይሻላልና። ሲሸልስን የሚመርጡ ግን ሦስቱንም ማዕድ በሆቴል ከመግዛት ይልቅ ማብሰያ ያለው ማረፊያ ይከራዩ፤ ከዋና ከተማው ከቪክቶሪያ ገበያ ማለዳ የተገዛ ትኩስ ዓሣ በራስ እጅ ሲሠራ ወጪውንም ጥርጣሬውንም ይቀንሳል።