ቁጥሬን አላምንም ያለችኝ ባለሙያ

አንዲት የመለኪያ ባለሙያ ላመሰግን ነው የመጣሁት። «ስሜ እንዳይጠቀስ» ስላለችኝ ስሟን አልጽፈውም። ሥራዋን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ለአንድ የሊቲየም አዮን ሴል (ባትሪ) ሞዴል፣ ማለትም ባህሪውን በሬዚስታንስና በካፓሲተር የሚወክል ሰርኪዩት፣ እየሠራሁ ነበር። ያው የምታውቁት 18650 የሚባለው ድብልብል ባትሪ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። የሞዴሉን ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ከኢምፒዳንስ ልኬት (ሴሉ በተለያየ ፍጥነት ለሚዋዥቅ ከረንት የሚያሳየውን ተቃውሞ ከመለካት) ማውጣት ፈለግኩ። ራሴ ለካሁት። የውስጥ ሬዚስታንሱ 90 ሚሊኦም ወጣ። ባትሪው አርጅቷል ብዬ ደመደምኩ።

እሷ ግራፌን ትታ ሽቦዬን አየች። «አንተ የለካኸው ክሊፑን ነው» አለችኝ። ለካ ሴሉን በሁለት ሽቦ ነበር የያዝኩት። ከረንት የሚሰጡትን ሁለቱን ለብቻ፣ ቮልቴጅ የሚያነቡትን ሁለቱን ለብቻ አድርጋ አሰረችው። ያው ሴል 28 ሚሊኦም ሆነ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ሴሉን ቻርጅ አድርጋ 25 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አሳረፈችው። እኔ ብሆን ወዲያው ነበር የምጀምረው። ግን ልኬቱ በጣም ቀስ ብሎ በሚዋዥቅ ከረንትም ይሠራል፤ በ10 ሚሊኸርዝ አንዷ ዙር ብቻ 100 ሰከንድ ትፈጃለች። ሴሉ ገና ካልተረጋጋ የግራፉ ጭራ፣ ማለትም ከዝግተኛው ከረንት የሚወጣው ጫፍ፣ ይጣመማል። የሊቲየሙን ስርጭት የምናነበው ደግሞ ከዚያ ጭራ ነው። ግራፉ ላይ ያለው ግማሽ ክብ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ቻርጁ በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ሲያልፍ የሚገጥመውን እንቅፋት።

ዋናው ጉድ ሞዴሉ ላይ ነበር። አምስት የሬዚስታንስና የካፓሲተር ጥንድ ደርድሬ መስመሩ ነጥቦቹ ላይ ልክክ ብሎልኛል። ኮርቼበታለሁ፣ አልዋሽም። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የእያንዳንዱ ስህተት ስንት ነው?» አየነው። አንዱ ሬዚስታንስ 3 ሚሊኦም ሆኖ፣ የስህተቱ ክልል ከራሱ ይበልጣል! ሁለት ጥንድና የዋርበርግ አካል (የሊቲየሙን ስርጭት የሚወክለውን) ብቻ አስቀረች። መስመሩ ትንሽ ከነጥቦቹ ራቀ። ልኬቱን ስንደግመው ግን ቁጥሮቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ።

ለሚቸኩል ሰው አትሆንም፣ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ስልክም ቶሎ አታነሳም። ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሴል ስትልኩ የቻርጁን መጠንና ስንት ሰዓት እንዳረፈ ጻፉበት። አለዚያ ሳትነካው መልሳ ትልክላችኋለች፤ የእኔን ሁለት ጊዜ መልሳዋለች።