ሰልባጅ ከስክስ፣ ከወጨጫ እስከ ዝቋላ

እናቴ ያየቻቸው ቀን «ምነው፣ ዘመቻ ታወጀ እንዴ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቡናማ፣ ቆዳቸው ወፍራም፣ ማሰሪያቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚጠመጠም ከስክሶች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። መርካቶ ከሰልባጅ ነጋዴ በ2,800 ብር ገዛኋቸው። ስምንት ወር ሆናቸው፤ እንጦጦን፣ የረርን፣ ዝቋላንና ወንጪን አብረን ወጥተናል። ስለ እነሱ ከማውራቴ በፊት ግን ከእነሱ በፊት የገዛሁትን ጥንድ ጉድ ልናገር፤ ሰው በብዛት የሚሸወደው በዚያኛው ዓይነት ነውና።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የቅዳሜን ግማሽ ቀን ጨምሮ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ብር እቆጥራለሁ። ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪሙ «ተራመጂ» አለኝ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እሑድ እሑድ ተራራ ከሚወጣ ግሩፕ ጋር አገናኘችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንጦጦን በስኒከር ወጣሁ። እንጦጦ ስኒከር ይበቃዋል፤ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ አልፎ አልፎ ያንሸራትታል። ቀጥሎ ወጨጫ ተባለ። ቦሌ ካሉ ሱቆች የአዲስ ተራራ ጫማ ዋጋ ብጠይቅ የደሞዜን ግማሽ ጠሩልኝ። ወደ መርካቶ ወረድኩ።

ያ የመጀመሪያው ጥንድ ሙሽራ ነበር። ግራጫና ሰማያዊ፣ ሶሉ ላይ አንዲት ጭረት የሌለበት፣ ገበሩ ገና ያልተነካ። ሻጩ «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ ካርቶን ውስጥ የኖረ ነው፤ መሬት አልረገጠም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጣጣው እሱ ራሱ መሆኑን ግን እሱም እኔም አላወቅንም።

ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው። ወገቡን የያዘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው። ታች ጽዱና ዝግባው ሰማይ ይዘጋሉ። ጉሬዛዎቹ ካንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ይውለበለባል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያ አስታው፣ ከዚያ ነፋስ ብቻ፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። እኔ ጫፉን በዚያ ቀን አላየሁትም። ኮሶው ጋ ስንደርስ እግሬ ሥር ያለው ነገር ተለወጠብኝ፤ ድፎ ዳቦ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ «እህቴ፣ ጫማሽ እየተፈረፈረ ነው» አለኝ። ዞር ስል የመጣሁበት መንገድ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ ተንጠባጥቧል። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ የቀኙ ሶል ከፊቱ ተገነጠለና እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ግራው መውረድ ስንጀምር ተከተለው።

ማገዶ ተሸክመው ከሚወርዱ ሴቶች አንዷ ከሸክሟ ማሰሪያ ላይ ቆርጣ ሰጠችኝ። እሷ ያደረገችው ኮንጎ ጫማ ነበር። በኦሮምኛ ለጓደኞቿ ምን እንዳለቻቸው አልያዝኩትም፤ ሳቃቸው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሁለቱን ጫማ በገመድ ጠፍሬ፣ እንደ ታሰረ ዶሮ እየተንደፋደፍኩ አውቶቡሱ ጋ ደረስኩ።

ቤት ገብቼ ምክንያቱን ፈለግሁ። ከቆዳውና ከታችኛው ጎማ መካከል ያለችው ለስላሳ ክፍል በብዙ የዘመኑ ጫማዎች ላይ የምትሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ነገር ነው። እግርን ታሳርፋለች፣ ቀላል ናት። ግን የአየርን እርጥበት እየሳበች ከዓመት ዓመት ውስጥ ውስጡን ትበሰብሳለች። ካርቶን ውስጥ መቀመጥ አያድናትም፤ እንዲያውም ተቀምጦ የኖረ ጫማ ይብስበታል። ላይ ላዩን አዲስ፣ ውስጡ አመድ። ሰልባጅ ሲመጣ ደግሞ ጫማው ስንት ዓመት የት እንደተቀመጠ የሚናገርለት የለም።

በሥራዬ ሐሰተኛ ብር የምለየው መጀመሪያ በጣቴ ነው፣ መብራቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጫማውንም እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ። አውራ ጣትን ከጎን በኩል ያቺ ለስላሳ ክፍል ላይ አጥብቆ መጫን ነው። ጥሩዋ ትገፋለች፤ የሞተችው ጎድጉዳ ትቀራለች፣ ወይም ትሰነጠቃለች፣ ወይም ጣት ላይ ትጣበቃለች። ከዚያ ጫማውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ ጎኑን ማየት፤ ደቃቅ ስንጥቅ ካለ መልሶ ማስቀመጥ። ሻጩ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

ሁለተኛውን ጥንድ ስገዛ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀሁ። ከሰዓት መሄዴ ሆን ብዬ ነው፤ እግር ሲውልበት ያብጣልና ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ተራራ ላይ ይጠባል። አሥራ አንድ ጥንድ በአውራ ጣቴ ጫንኩ፣ ሰባቱ ወደቁ። ያነሳሁት ከሁሉም አስቀያሚውን ነበር። ስሙ ከምላሱ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል፣ የቀኙ አፍንጫ ተልጧል። ግን ስፖንጅ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ቆዳና ጎማ ነው፣ ዙሪያውን የተሰፋበት ክር በዓይን ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ስምንት ማዕዘን ያላት ቢጫ ምልክት፦ ቪብራም።

ስለዚህች ቢጫ ምልክት ትንሽ ልበል። ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነበር። በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስድስት ጓደኞቹ አልፕስ ላይ ሞቱ፤ ለሞታቸው ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ጫማቸው ነበር። እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1937 ጥርስ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አስመዘገበ፤ ቪብራም የሚለው ስምም የራሱ ስምና የአባቱ ስም መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በ1954 ጣሊያኖቹ 8,611 ሜትር የሆነውን የኬ ቱ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ያደረጉት እሱኑ ነው። ይኼን ሁሉ ለሻጩ ብነግረው ኖሮ 5,000 ይለኝ ነበር። ዝም ብዬ «አፍንጫው ተልጧል» አልኩና ከ3,500 አወረድኩት።

ሰፈራችን ያሉት ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። ከስክሱን ገለባብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ በማስቲሽ የቆመ አይደለም፤ በክር የቆመ ነው» አሉኝ። የግራው ተረከዝ አካባቢ የላላውን ስፌት በወስፌ አጠበቁልኝ፣ 250 ብር። ስፌቱ ላይ ውኃ እንዳይገባ ሰም አሹበት ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ጧፍ ገዛሁ፣ ጫማውን ፀሐይ ላይ አሙቄ ስፌት ስፌቱን በጧፍ አሸሁት። እናቴ ይኼን ስታይ ያለችኝን አልጽፈውም።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው መስከረም ላይ የረር ነው፤ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ። እዚያ የጫማዬን ደካማ ጎን አየሁ። ከተራራው ግርጌ ያለው የጤፍ ማሳ አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ እርጥብ ሲሆን የሶሉን ጥርሶች እየሞላ፣ እየተጋገረ፣ እያንዳንዱን እግር የሚጥሚጣ ሙቀጫ ያሳክለዋል። በየመቶ ሜትሩ ቆሜ በእንጨት ስጭር አንድ ገበሬ በበረባሶ ሰላም ብለውኝ አለፉ። በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጥ ነው፤ ምናለሽ ተራ ተሠርቶ ይሸጣል። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም፣ ስለዚህ ጭቃው የሚይዝበት ቦታ የለም። በዋልካ ላይ በረባሶ ከቪብራም ይበልጣል፤ ይኼን በዓይኔ ስላየሁ እመሰክራለሁ። ድንጋዩ ሲጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። እርጥብ ቋጥኝ ላይ ስኒከር ያደረጉት እየተያያዙ ሲወጡ እኔ ቀጥ ብዬ ወጣሁ።

ዋናው ፈተና ዝቋላ ነበር፤ ተረኛ ካልሆንኩበት ቅዳሜ ጋር የገጠመ የአዳር ጉዞ። ጥቅምት 5 የአቦ ንግሥ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው የሄድነው፤ የምእመናኑ ግርግር አልቋል፣ የጥቅምት ብርድ ግን ጉልበቱ ላይ ነው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ከሜዳው ብቻውን የተነሣ፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ጎድጓዳ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ሐይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ደን፣ በደኑ ውስጥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ሽቅቡ ላይ የከስክሱ ክብደት ይሰማል፤ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይኼን ካልነገርኩ ውሸታም ነኝ። ስኒከር ያደረጉት ቀድመውኝ ደርሰው ዳቦ ቆሎ ይበላሉ።

ማታ ከደኑ ዳር በተፈቀደልን ቦታ ድንኳን ተከልን። ከስክሱን እንደ ፈረንጅ ፊልም ከድንኳኑ በር ላይ ደርድሬ ልተኛ ስል ጠባቂው መጣና «እህቴ፣ አስገቢው፤ ጅብ ቆዳ አይምርም» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ከታች ድምፁን ስሰማ ሁለቱንም ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ አስገብቼ አቀፍኳቸው። ጠዋት ደስ ያለኝ ከጅቡ ይልቅ በሌላ ነገር ነው፤ ውጭ ያደረው የጓደኛዬ ጫማ በጤዛ ረጥቦ እንደ በረዶ ሲሆን የኔ ሞቆ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ከስክሱ የወጣበትን ዋጋ መለሰ። የዝቋላ መውረጃ ከእግር ሥር የሚንከባለል ጠጠር የሞላበት ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚይዘው ቆዳ እግሬ ሁለቴ ሊጠመዘዝ ሲል አስቆመው። ቀድመውን ከነበሩት ሁለቱ ደግሞ ሲወርዱ የእግር ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል፤ ጫማቸው ልክክ ያለ ነበርና በየእርምጃው ጣታቸው ፊቱን ይደበድባል። ስለዚህ ሲገዙ ማሰሪያውን ፈቶ፣ እግርን እስከ ፊት ገፍቶ፣ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባቱን ማየት ነው። ሲወርዱ ደግሞ የእግር ቅስት ላይ ማሰሪያውን ሁለት ዙር አጠማዝዞ አጥብቆ፣ ከዚያ ወደ ላይ መቀጠል። ተረከዙ ወደ ኋላ ይቆለፋል፣ ጣት ነፃ ይሆናል። የእኔ አሥሩም ጥፍሮቼ አሉ።

ወንጪ የሄድነው መጋቢት ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳናስበው ሲመጣ ነው። ከጠርዙ እስከ ሐይቁ ሲወርዱ እንሰቱ፣ ጉሙ፣ «ፈረስ፣ ፈረስ» የሚሉት ልጆች… ስለ ወንጪ ሌላ ቀን። ለጫማው የሚሆነው ይኼ ነው፦ ለሦስት ሰዓት ያህል ውኃ አላስገባም፣ ከዚያ በምላሱ በኩል ገባ። አንዴ ከገባ አይወጣም። ጋዜጣ ወትፌ ጥላ ውስጥ ሳስቀምጠው ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ከሰል ዳር ማስጠጋት ያምራል፤ ቆዳው ግን ይጨማደድና ይሰነጠቃል፣ አይሞከርም።

ሌላው ችግር የሐበሻ ጫማ አለመሆኑ ነው። በጀልባ ወደ ደሴቷ ተሻግረን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰዉ ጫማውን እርግፍ አድርጎ ገባ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስምንት ቀዳዳ በዚህ፣ ስምንት ቀዳዳ በዚያ እፈታለሁ። ገብቼ ተሳልሜ ስወጣ ሁሉም ጀልባው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል፤ እኔ ደግሞ እንደገና አሥራ ስድስት ቀዳዳ። ቀዛፊው በትዕግሥት ሲያየኝ ቆየና «ይሄ ነገር ዚፕ የለውም?» አለኝ። የለውም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰው ቤት የሚገባበት ጉዞ ላይ ሸበጥ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ለምጃለሁ።

እንግዲህ እንጦጦን ብቻ ለሚወጣ ሰው ይኼ ከስክስ ከንቱ ሸክም ነው፤ ስኒከሩ ላይ ይቆይ። አዳር ላለው፣ ድንጋይና ቁልቁለት ላለው መንገድ ግን በዚህ ዋጋ የሚያክለው አላገኘሁም፤ ክብደቱን ከቻሉት። አዲስ የሚመስለውን ትቶ የተሰፋውን መፈለግ ነው።

ባለፈው ሳምንት የቀኙ ተረከዝ ገበር ተቀደደ፣ ካልሲዬን ይበላ ጀመር። ጫማ ሰፊው ጋ ወሰድኩት። «ለስለስ ያለ ጨርቅ ብታመጪልኝ» ሲሉኝ ያ ሙሽራው፣ ሶል አልባው ጥንድ አልጋዬ ሥር እንዳለ ትዝ አለኝ። አመጣሁላቸው። ገበሩ እውነትም ገና አዲስ ነበር። በመቀስ ቆረጡና ከከስክሱ ተረከዝ ውስጥ ሰፉት፣ 100 ብር። የቀረውን ሰማያዊ ቆዳ «ይቀመጥልኝ» ብለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።