ከነምስማሩ ወይስ ተላጎ? የፈረሰ ቤት እንጨት ለምትገዙ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደውሎልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ትንሽ የእንጨት ሥራ ልጀምር ነው፤ የፈረሰ ቤት እንጨት ይሻለኛል ወይስ አዲስ ጣውላ?» ለሦስቱም በስልክ የለፈለፍኩትን ለአራተኛው ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አሮጌ ግዙ፤ ግን ከነምስማሩ ግዙ። ተላጎ፣ ጸድቶ፣ በወግ ተደርድሮ የሚጠብቃችሁን «የተዘጋጀ» አሮጌ ጣውላ እለፉት። ዝገቱን እያያችሁ «ይሄ መከራ ነው» የምትሉትን ክምር ዓይናችሁ ይልመደው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ነጋዴ ነው፤ ክፍያውም ቀላል አልነበረም። አንድ ካፌ ስምንት ጠረጴዛ አዘዘኝና ጊዜ አጠረኝ። ምስማር ስነቅል ከምከርም ብዬ 40 የተዘጋጀ ጣውላ ገዛሁ። «የድሮ ጥድ ነው፤ ምስማር የሚባል አታገኝበትም፤ መላጊያ ማሽን ላይ ጣለው ብቻ» አለኝ ነጋዴው። ጣልኩት። አምስተኛው ጣውላ ላይ ማሽኑ ጮኸ፣ ብልጭታ ረጨ፣ ምላጮቹ ተሸረፉ። ገልብጠን ስናየው ምስማሩ አልተነቀለም። ራሱ ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው በሰጋቱራና በኮላ ተደፍኖ፣ ከላዩ ተልጓል። እንጨቱን የሚልግልኝ ማሽን ቤት የምላጩን ዋጋ ከእኔ ተቀበለ፤ አልተከራከርኩም፣ እውነቱን ነው። ነጋዴው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ከ40ው ለጠረጴዛ የበቃው 28 ነው። ከቀሩት 12 ውስጥ አምስቱ በተቆረጠ ምስማር የተሞሉ ናቸው፤ ሰባቱ ደግሞ ጭራሽ ጥድ አልነበሩም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ወደ ዋጋው እንግባ። ብሩን እዚህ ብጽፈው ሳምንት ሳይሞላው ይሻራል፤ ስለዚህ የአንድ አዲስ ጣውላ ዋጋ 100 ነው እንበልና በእሱ እንለካ። በእኔ ደብተር ላይ የተዘጋጀው አሮጌ ጣውላ 80 አካባቢ ይውላል። ቤቱ ከሚፈርስበት ቦታ፣ ከነምስማሩና ከነአቧራው የሚነሳው ደግሞ 35። ሰው 80ን ከ100 ጋር አወዳድሮ «አተረፍኩ» ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

አሁን አሥር አሥር ጣውላ እንግዛ። የተዘጋጀው አሥሩ 800 ይሆናል። ከ40 28 ማለት ከአሥር ሰባት ነው፤ 800ን ለሰባት ስታካፍሉት አንዱ ጣውላ ከ114 በላይ ይመጣል። የምላጩን ገና አልጨመርኩም። አዲሱ አሥር ጣውላ 1,000 ነው፤ አንዱ ቢጣመም ወይም ቢሰነጠቅ ለዘጠኝ ሲካፈል 111። ልብ በሉ፣ «ርካሹ» ከአዲሱ በለጠ። ከነምስማሩ የተገዛው ደግሞ፣ አሥሩ 350፣ ጭነት 50፣ ለሚነቅለው ልጅ 60፤ ድምሩ 460። የተነቀለው ምስማር ለቆራሌው፣ ቁርጥራጩ ለማገዶ ተሸጦ 40 ይመልሳል፤ 420። ከአሥሩ አራቱን ጥላችሁ ስድስት ብቻ ቢተርፋችሁ እንኳ አንዱ 70 ወደቀ። አራት ከአሥር መጣል ያማል፣ አውቃለሁ። ግን የጣላችሁትን አይታችሁ ነው የጣላችሁት፤ ሲገዛም በዚያ ሒሳብ ተገዝቷል።

ይህ ሒሳብ መጀመሪያ የሚፈርሰው ጫኝና አውራጅ ላይ ነው። መኪናው ቆሞ፣ እንጨቱ ግማሹ ተጭኖ የሚጀመር ድርድር ድርድር አይደለም። ጣውላው ከመነሳቱ በፊት መጫኛውንም ማውረጃውንም በአንድ ላይ ተነጋገሩ። እኔ አንድ ጊዜ ለማውረድ የከፈልኩት እንጨቱን ከገዛሁበት ሊበልጥ ጥቂት ነበር የቀረው። ሌላው ሒሳቡን የሚያበላሸው ክረምት ነው። ፍርስራሽ ዝናብ ሲመታው እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ለመኪናው ውኃ አስጭናችሁ ትከፍላላችሁ፣ ቤት ደርሶም ሳምንታት ጥላ ሥር ካልቆየ አይላግም።

ስለ ሰባቱ ጣውላዎች። ጥድ በሚለው ስም ሁለት ዛፍ ይሸጣል። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀላ ያለ ነው፤ ሲላግ ጠረኑ እርሳስ የተቀረጸበት ክፍል ነው የሚመስለው፤ እንግሊዞቹ ዛፉን በእርሳስ መጥራታቸው ያለ ነገር አይደለም። ቀዩን ልብ ምስጥ አይደፍረውም፤ ዳር ዳሩን ያለውን ነጩን ክፍል ግን ይበላዋል። የፈረንጅ ጥድ ፈዛዛ ነው፤ መጥፎ እንጨት አይደለም፣ ግን በሐበሻው ዋጋ አይገዛም። የእኔ ሰባቱ አዲስ የፈረንጅ ጥድ ነበሩ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብተው «የድሮ» ሆነዋል። ኮላ አይዛቸው፣ ቫርኒሽ አይደርቅባቸው።

ፎርጅዱን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም። ጫፉን ሁለት ጣት ያህል አስቆርጡ። የእድሜ ጥቁረት ከላይ ስስ ነው፣ ወደ ውስጥ እየሳሳ ከእንጨቱ ቀለም ጋር ይዋሃዳል፤ ዘይቱ ግን ጫፍ ጫፉን ጠልቆ ይገባና ይሸታል። የምስማር ቀዳዳውን እዩ፤ ብረት ለዓመታት ተቀምጦበት ከነበረ ዙሪያው ጠቁሯል። በመሰርሰሪያ የተበሳ «የድሮ ቀዳዳ» ግን ንጹሕ ነው፣ እንደ አዲስ ጥርስ። ሻጩ ጫፉን ለማስቆረጥ እንቢ ካለ እንጨቱን አይታችሁታል ማለት ነው፤ ሂዱ።

ዝግባም ብዙ ይወጣል። ፈዛዛ ቢጫ፣ ለሥራ እንደ ቅቤ ልስልስ ነው፤ ምስጥ ግን ይወደዋል። ከኮርኒስና ከጣራ ሥር የወጣ ዝግባ እገዛለሁ፣ ከወለል የወጣውን አልነካም። ዋንዛ ካገኛችሁ ደግሞ አትጠይቁኝ፣ ጫኑት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዛሬ ያንን ውፍረትና ያንን ጥብቅ የእድገት ቀለበት ያለው ጣውላ ብትፈልጉ፣ ያለው ቆሞ ሳይሆን ተሠርቶ ነው፤ በድሮ ቤት ጣራ ላይ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ንግድ የሞቀው በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ መፍረስ ሲጀምሩ ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገር ገብቶ ከተማውን ከመሙላቱ በፊት የተሠሩ ቤቶች ጥድ ነበር የሚበሉት፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ደግሞ ቅይጥ ነው። ስለዚህ «የድሮ ቤት» ሲባል ብቻ አትደንግጡ፤ ስትገቡ መጀመሪያ ወደ ጣራው ቀና በሉ። ጣራ ላይ ያለው ሞራሌና ጣውላ ቆርቆሮው ካላፈሰሰ ደረቅ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቋሚን በተመለከተ ግን ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትሩ የሞተ ነው፤ በጭቃው ውስጥ ስለሚቀር ገዢው አያየውም። በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው እንደ ዳቦ ከገባ ከዚያ በታች ያለውን ቆርጣችሁ ጥላችሁ ነው ርዝመቱን የምትቆጥሩት። በዚያ ቋሚ ላይ ማገር የተመታበት ምስማር ብዛት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ በነጻ ካልሆነ አላነሳውም።

ሻጩ «በክምር ነው የምሸጠው» ይላችኋል። ክምሩ የጣራና የወለል ብቻ ከሆነ፣ የወለሉም ዝግባ ካልሆነ እሺ። ግድግዳው ከተቀላቀለበት በምርጫ ግዙ፤ በምርጫ 35ቱ 45 ቢሆንባችሁ እንኳ ከአሥር ስምንት ታተርፋላችሁና ሒሳቡ አይጎዳችሁም። ነቀዝንም አትርሱ። ጣውላውን መሬት ላይ መታ ስታደርጉት ከጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከረገፈ ትሉ አሁንም ውስጥ ነው። ወደ ሌላው እንጨታችሁም ይገባል። ቀዳዳ ኖሮት ዱቄት ከሌለው ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንዲህ ያለውን ለብቻው አስቀምጬ ወር ጠብቄ ነው የምቀላቅለው።

ስለ መንቀሉ አንድ ነገር ብቻ። የዛገ ምስማር ራሱን ይዞ መሳብ ራሱን መቁረጥ ነው። ሹሉ የወጣበትን ከጀርባ መትታችሁ ወደ ፊት ግፉት፣ ራሱ ብቅ ሲል በጉጠት ያዙት። ራሱ የተቆረጠውን በሌላ ወፍራም ምስማር ከኋላ ገፍታችሁ አስወጡት። ከዚያ ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ በሁለቱም ገጽ ላይ አሳልፉ፤ ብረት ካለ ክሩ ያዘነብላል። ጠልቆ የተቀበረውን አያገኘውም፣ የነሐስ ብሎንንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ወደ ማሽን ከመሄዳችሁ በፊት የጠቆረ ነጥብ ያለበትን ሁሉ በእጅ ፈትሹ። ማሽን ቤቱን አትደብቁት፤ «አሮጌ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ለአሮጌ እንጨት ያረጀ ምላጭ የሚያስር አለ፣ ትንሽ አስጨምሮም ቢሆን።

አዲስ ጣውላን በሁለት መስመር ልለፈው፤ ብዙ አልወደውም። ርዝመቱ እኩል ለሆነ፣ ብዛት ላለው ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ለአልጋ ከሆነ አዲስ ግዙ፤ አሮጌ እንጨት ለቅሞ አርባ እኩል እግር ማውጣት ያሳብዳል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን እርጥቡን አትመኑ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠመዘዛል።

ለ«ተዘጋጀው» ጥብቅና ልቁም እንዴ? አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለራሱ አንድ መደርደሪያ የሚሠራ፣ ምስማር ልንቀል ቢል ጎረቤት የሚነሳበት። እሱ ይግዛ። ማግኔቱን ይዞ፣ ጫፉን አስቆርጦ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ። ለንግድ ግን አይሆንም።

ቀለም የተቀባውን ስትገዙ ዋጋ አስቀንሱ፤ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት) ሊኖረው ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ አቧራውም ሕፃን ባለበት ግቢ አይብነን። እኔ ገጹን ወደ ውስጥ አዙሬ እጠቀምበታለሁ፣ ምግብ ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ግን በፍጹም።

ወረቀትም ጠይቁ። ሻጩ ባለቤቱ ነው ወይስ ፍርስራሹን የገዛ? ወይስ ማታ በአጥር ዘሎ የነቀለ? በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ከእንዲህ ያለው ቤት የወጣ ቅርጻ ቅርጽ ያለው የሰገነት እንጨት በርካሽ ቢቀርብላችሁ ርካሽነቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለት መስመር የሽያጭ ወረቀት፣ ስምና ፊርማ ያለበት፣ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ይጠቅማችኋል።

የመጨረሻው፣ በርና መስኮት። እነዚህን ለጣውላቸው ብላችሁ አትግዙ። አንድ ጀማሪ ወዳጄ ስድስት የድሮ በር ገዝቶ በታተናቸው፤ ከስድስቱ በቂ ጣውላ ወጥቶለት አንድ ሳጥን ሠራ። በሩ እንዳለ፣ ከነማጠፊያውና ከነመሸጎሪያው ቢሆን ኖሮ በሳጥኑ ዋጋ አንዱን ብቻ ይሸጠው ነበር። በር ሲገኝ ማጠፊያውን ከመቃኑ ላይ በብሎኑ ፈትታችሁ አውጡት፤ አፍራሹ በመዶሻ ከመምታቱ በፊት እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ። መቃኑንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ የሚወፍረው ጥድ እሱ ነው፣ ሻጩም አይቆጥረውም።